«አያመኝም» የሚለው እግር፦ የስኳር ሕመምና የማይሰማ ቁስል

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ፊት ቀርቦ ስለ እግሩ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ «ደህና ነው፣ አያመኝም»። ጥያቄውም በዚሁ ይዘጋል፣ ጫማውም ሳይወልቅ ይቀራል። ይህ መልስ ለሌላ ሰው የጤንነት ማረጋገጫ ሊሆን ይችላል። ከስኳር ሕመም ጋር ለዓመታት ለኖረ ሰው ግን ሁለት ፍጹም ተቃራኒ ትርጉሞች አሉት። ወይ እግሩ በእርግጥ ጤነኛ ነው፣ ወይም ሕመምን ለአንጎል የሚያደርሱት ነርቮች ሥራቸውን አቁመዋል። ባለቤቱ ሁለቱን በስሜቱ ሊለያቸው አይችልም፤ ሁለቱም «አያመኝም» ያሰኛሉና።

ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት መሠረት በዓለም ላይ 537 ሚሊዮን አዋቂዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር። ከሕመምተኞቹ መካከል ከ19 እስከ 34 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው የእግር ቁስል ሊገጥማቸው እንደሚችል ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ቁስሉ ከዳነ በኋላም ከአሥር ሰዎች በአራቱ ላይ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። በዚህ ሕመም ሳቢያ ከሚቆረጡት እግሮች የአብዛኞቹ መነሻ እንዲህ ያለ፣ መጀመሪያ ላይ ከምንም ያልተቆጠረ ቁስል ነው። ጉዳዩ ከእኛም የራቀ አይደለም። በእስራኤል የተካሄዱ ጥናቶች ከኢትዮጵያ የገቡ ሰዎች አመጋገባቸውና እንቅስቃሴያቸው ሲለወጥ፣ በአዲሱ አገር የኖሩባቸውም ዓመታት ሲጨምሩ የስኳር ሕመም በመካከላቸው እየተስፋፋ መሄዱን አሳይተዋል።

ጉዳቱ ከጫፍ ይጀምራል

ከወገብ አካባቢ ተነሥቶ እስከ እግር ጣት ጫፍ የሚደርሰው ነርቭ በአዋቂ ሰው ላይ አንድ ሜትር ገደማ ይረዝማል። የደም ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቮችንና እነርሱን የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳል፤ ረጃጅሞቹ ነርቮችም ቀድመው ይጎዳሉ። ድንዛዜው ከጣቶች ጫፍ ጀምሮ፣ ካልሲ ሲጠለቅ እንደሚወጣው ሁሉ፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ የሚወጣው ስለዚህ ነው። አንዳንዱ ሰው ሌሊት ሌሊት የማቃጠል ወይም የመውጋት ስሜት ስለሚሰማው ቀድሞ ይነቃል። ነርቫቸው ከተጎዳባቸው ሰዎች እስከ ግማሽ የሚደርሱት ግን ምንም ዓይነት ምልክት ላያዩ ይችላሉ።

የሚጠፋው ስሜት ብቻ አይደለም። የእግርን ጥቃቅን ጡንቻዎች የሚያዝዙት ነርቮች ሲደክሙ ጣቶች እንደ ጥፍራም አሞራ እግር ወደ ታች ይታጠፋሉ፣ ከሥራቸው ያለው አጥንትም ወደ ውስጥ እግር ይገፋል። ላብን የሚቆጣጠሩት ነርቮች ሲጎዱ ደግሞ ቆዳው ይደርቃል፣ ተረከዝም ይሰነጠቃል። በዚህ ላይ ወደ እግር የሚወርዱት ትልልቅ የደም ሥሮች ከጠበቡ፣ የተከፈተው ቁስል ለመዳን የሚያስፈልገውን ደም አያገኝም። ሲጋራ ማጨስ ይህን የመጨረሻውን ችግር እጅግ ያባብሰዋል።

የስኳርን መጠን በሚገባ መቆጣጠር ዋነኛው መከላከያ መሆኑ የታወቀ ነው። አንባቢ ይህን በየምርመራው ስለሚሰማ እዚህ አናብዛው። ጥያቄያችን ስሜቱ አንድ ጊዜ ከቀነሰ በኋላ ምን ይደረግ የሚለው ነው።

ሰው ሠራሽ ሕመም ለመሥራት የተደረገ ሙከራ

ለዚህ ጥያቄ መልስ የተገኘው በአብዛኛው ከሥጋ ደዌ ሕክምና ነው። ብሪታንያዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፖል ብራንድ በደቡብ ሕንድ በምትገኘው በቬሎር ከተማ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክሙ፣ በዘመኑ በሰፊው ይታመን የነበረውን ነገር መጠራጠር ጀመሩ። ጣቶችን የሚበላው በሽታው ራሱ ነው ይባል ነበር። እርሳቸው ግን ከጉዳቱ አብዛኛው የሚመጣው ስሜት በማጣት መሆኑን አሳዩ። ሕመምተኛው የጋለ ብረት ድስት ሳያውቅ ይይዛል፤ በቆሰለ እግሩም ሳያነክስ ይሄዳል። ብራንድ እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት ካርቪል ወደሚገኘው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ከተዛወሩ በኋላ በስኳር ሕመምተኞች እግር ላይ ያው ታሪክ እንደሚደገም ተገነዘቡ።

ከዚያም እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው አንድ ድፍረት የተሞላበት ሙከራ አደረጉ፤ የጠፋውን ሕመም በመሣሪያ ለመተካት ተነሡ። በጓንትና በካልሲ ውስጥ ግፊትን የሚለኩ ሴንሰሮች ገጠሙ፤ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ መሣሪያው ድምፅ ያሰማል። ሕመምተኞቹ ድምፁን ሰምተው ሥራቸውን ቀጠሉ። በድምፁ ምትክ የሚነዝር የኤሌክትሪክ ንክኪ ተደረገ። ያን ጊዜ ደግሞ ሕመምተኞቹ መሥራት የፈለጉት ነገር ሲኖር መሣሪያውን እያጠፉ ሠሩ። ሙከራው በዚህ ምክንያት ተቋረጠ።

ምሕንድስና ላጠና ሰው ይህ ታሪክ ትሕትናን የሚያስተምር ነው። ሴንሰሮቹ ውድና ተሰባሪ መሆናቸው አንድ ነገር ሆኖ፣ ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነበር። መረጃው ለባለቤቱ ደርሷል፤ ያላስገደደው መሆኑ ነው ጉዳቱ። እውነተኛ ሕመም ማጥፊያ ቁልፍ የለውም። ስለዚህ ስሜት ለቀነሰበት እግር የተገኘው ምትክ መሣሪያ ሳይሆን ልማድ ሆነ፤ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት፣ አመመም አላመመም፣ እግርን በዓይን ማየትና በእጅ መዳሰስ። የሥጋ ደዌ ሕክምና ለሕሙማኑ ሲያስተምር የኖረው ይህንኑ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል መነሻውም ይኸው ሕክምና ነበር።

ጠጠሩና ስሌቱ

ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። አሥር ኪሎ ክብደት በ20 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ ቢያርፍ እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ግማሽ ኪሎ ይሸከማል። ያው አሥር ኪሎ ጫማ ውስጥ በገባች ግማሽ ካሬ ሴንቲ ሜትር በምትሆን ጠጠር ላይ ሲያርፍ ግን ግፊቱ አርባ እጥፍ ይሆናል። ጤነኛ እግር ሁለተኛውን እርምጃ አይደግመውም፤ ሰውየው ቆሞ ጫማውን ያራግፋል። ስሜት የሌለው እግር ግን በዚያች ጠጠር ላይ እስከ ማታ በሺዎች የሚቆጠር እርምጃ ይራመዳል።

ጠጠር ባይገባም አደጋው አለ። ጤነኛ ሰው ብዙ መንገድ ሲሄድ ሳያውቀው አረማመዱን ይለዋውጣል፣ የደከመውን ቦታ ያሳርፋል። ስሜት ያጣ እግር ግን ያንኑ ነጥብ ደጋግሞ ይመታል። ቆዳውም ራሱን ለመከላከል ይደነድናል። ይህ የደነደነ ቆዳ ጥበቃ ይመስላል እንጂ በተግባር ከእግር ጋር የተጣበቀ ጠጠር ነው። ባለሙያ ሲያነሣው በዚያ ቦታ ላይ የነበረው ከፍተኛ ግፊት በሩብ ያህል እንደሚቀንስ ተለክቷል። በቤት ውስጥ በምላጭ መላጥ፣ ወይም ከፋርማሲ በሚሸጥ የሚያቃጥል ፈሳሽና ፕላስተር ለማንሣት መሞከር ግን ራሱ የቁስል መነሻ ስለሚሆን ፈጽሞ አይደረግም።

በእኛ ቆዳ ላይ «መቅላት» ምን ይመስላል?

በአሜሪካና በአውሮፓ ክሊኒኮች የሚታደሉ ወረቀቶች «እግርዎ ቀልቶ እንደሆነ ይመልከቱ» ይላሉ። ምክሩ የተጻፈው ነጭ ቆዳን በማሰብ ይመስላል። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ መቆጣት ሁልጊዜ ቀልቶ አይታይም። ከአካባቢው ይልቅ የጠቆረ፣ ወይን ጠጅ የሚመስል፣ አንዳንዴም የሚያብለጨልጭና የተወጠረ ቆዳ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ ጨርሶ ላይታይም ይችላል። እንሶስላ ወይም ሂና በእግር ላይ ሲኖር ማየቱ ይበልጥ ያስቸግራል። ስለዚህ ከቀለም ይልቅ ሙቀትና እብጠት የተሻሉ ምስክሮች ናቸው።

መንገዱ ማወዳደር ነው። የእጅዎን ጀርባ በቀኝ እግር አንድ ቦታ ላይ፣ ቀጥሎም በግራ እግር በዚያው ቦታ ላይ ያሳርፉ። አንደኛው ከሌላኛው በግልጽ ከሞቀ ከሥር የተቆጣ ነገር አለ ማለት ሊሆን ይችላል። ይህን በቴርሞሜትር ያጠኑ ተመራማሪዎች እንደ ማስጠንቀቂያ የወሰዱት በሁለቱ እግሮች ተመሳሳይ ቦታዎች መካከል የሚታይ የ2.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት ነው።

ስሜት መኖር አለመኖሩን ደግሞ ቤተሰብ ሊፈትሽ ይችላል። በእንግሊዝ ኢፕስዊች ከተማ የተዘጋጀ ቀላል ፈተና አለ። ተፈታኙ ካልሲውን አውልቆ ይጋደምና ዓይኑን ይጨፍናል። ሌላው ሰው በሌባ ጣቱ ጫፍ የእግሩን ጣቶች ጫፍ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰኮንድ ብቻ በስሱ ይነካል፤ መጀመሪያ የቀኝ እግር አውራ ጣትና ትንሿን ጣት፣ ቀጥሎ የግራውን አውራ ጣትና ትንሿን ጣት፣ በመጨረሻም የቀኙንና የግራውን መካከለኛ ጣት። ተፈታኙ በተሰማው ቁጥር «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይላል። መጫን፣ መጎርጎር ወይም አልሰማ ሲል መድገም አይፈቀድም፤ ልጆች ለአባታቸው አዝነው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማ ስሜቱ ቀንሷልና ለሐኪም ይነገር።

ሐኪሙ የሚጠቀምበት መሣሪያም ከዚህ ብዙም አይወሳሰብም። ሞኖፊላመንት የሚባል የናይለን ክር ነው፤ ቆዳ ላይ ሲጫን ልክ አሥር ግራም ኃይል ሲደርስ ይጎብጣል። ከጎበጠ በኋላ ሐኪሙ ቢጨምርም ኃይሉ እምብዛም አይጨምርም። ማንኛውም ቀጭን ዘንግ በተወሰነ ጭነት የሚጎብጥበት ሕግ ምሰሶ የሚያሰላ መሐንዲስ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን ምሰሶ ሳይሆን እግር ያድናል።

ከውሃው እስከ ጫማው

እግርን በየቀኑ ለብ ባለ ውሃ ይታጠቡ። የውሃውን ሙቀት የሚለካው ክንድ ወይም የሌላ ሰው እጅ እንጂ እግር አይደለም፤ እግር ለዚህ ዳኝነት ብቁ አይደለምና። ለረጅም ጊዜ መዘፍዘፍ ቆዳን ስለሚያለሰልስና ስለሚያደርቅ ይቅር። በጣቶች መካከል ያለውን ቦታ በሚገባ ያድርቁ። ቀጥሎ ደረቅ ለሆነው ቆዳ፣ በተለይ ለተረከዝ፣ ቫዝሊን ወይም ሌላ ቅባት ይቀቡ፤ በጣቶች መካከል ግን አይቀቡ፣ እርጥበቱ ፈንገስ ይጋብዛል። ጥፍር ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ፤ ጠርዙን ተከትሎ ወደ ውስጥ መቆፈር አያስፈልግም። ዓይኑ የደከመ ሰው ሌላ ሰው ይቁረጥለት። ውስጥ እግርን ጎንበስ ብሎ ማየት የማይችል መስታወት ወለል ላይ አስቀምጦ ይይ፤ በስልክ ፎቶ ማንሣትም ይቻላል፣ የትናንቱን ከዛሬው ጋር ለማነጻጸርም ይመቻል።

በባህላችን ለዚህ የሚሆን የተዘጋጀ ሰዓት መኖሩ ደስ ያሰኛል። በብዙ ቤት ማታ ማታ የአባትን ወይም የእንግዳን እግር ማጠብ የልጆች ወግ ነበር። በባዕድ አገር እየቀረ ያለው ይህ ልማድ ለስኳር ሕመምተኛ ወላጅ ከአክብሮት በላይ ምርመራ ነው፤ የሚያጥበው ሰው ያያል፣ ይዳስሳል። ሙስሊም አንባቢዎቻችን በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ሲያደርጉ እግራቸው በእጃቸው ውስጥ ይገባል። በእያንዳንዱ ጊዜ በጣቶች መካከል ያለውን ማድረቅና ከአምስቱ በአንዱ ረጋ ብሎ መመልከት ብቻ ነው የሚጨመረው።

በባዶ እግር መሄድ ግን፣ ቤት ውስጥም ቢሆን፣ መቅረት አለበት። እዚህ ላይ ከእምነት ሥርዓት ጋር የሚገናኝ ነገር ስላለ በጥንቃቄ ማየት ይገባል። በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ጫማ ይወልቃል። ወደ ውስጥ ሲገባ ንጹሕና ወፈር ያለ፣ ላስቲኩ የማያጠብቅ ካልሲ ማድረግ፣ ሲወጣም ካልሲውን አውልቆ እግርን ማየት በቂ ጥበቃ ሊሆን ይችላል። ነጣ ያለ ካልሲ የደም ወይም የመግል ጠብታን ስለሚያሳይ ይመረጣል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በበጋ ወራት የጋለ አስፋልትና የድንጋይ ንጣፍ በደቂቃዎች ውስጥ ውስጥ እግርን ያቃጥላል፤ ስሜታቸው የቀነሰ የሐጅ ተጓዦች በዚህ መንገድ መቃጠላቸው በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። በብርድ አገር ደግሞ አደጋው ተገልብጦ ይመጣል፤ እግርን ከማሞቂያ ማሽን ጋር ማስጠጋት ወይም ሙቅ ውሃ የያዘ የጎማ ከረጢት ሥር አድርጎ መተኛት ያቃጥላል። በአገር ቤት የከሰል ምድጃውም ከዚሁ ይቆጠራል።

ጫማ ከመጫማትዎ በፊት እጅዎን ወደ ውስጥ አስገብተው ይፈትሹ፤ ሚስማር፣ የተጣጠፈ ገበር ወይም የልጅ መጫወቻ ሊኖር ይችላል። አዲስ ጫማ «ሲለበስ ይለቃል» ተብሎ አይገዛም። የሚለቀው ቆዳው ሳይሆን እግሩ ይሆናል።

ቁስል ከታየ

ስሜት ባጣ እግር ላይ የሚታይ ማንኛውም ቁስል፣ ውሃ የቋጠረ እብጠት፣ የጠቆረ ጣት፣ መጥፎ ሽታ ወይም ፈሳሽ ሳምንት የሚጠብቅ ጉዳይ አይደለም። በ24 ሰዓት ውስጥ ለሕክምና ባለሙያ ይታይ። ትኩሳት ከተጨመረ፣ ወይም ያለ ምክንያት ስኳሩ ከፍ ብሎ አልወርድ ካለ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እስከዚያው በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈንና በእግሩ ላይ አለመቆም ይበቃል። የቡና ዱቄት መነስነስ፣ ቅቤ መቀባት ወይም በጨው ውሃ መዘፍዘፍ ይቅር። ቁስሉ ስላላመመ ወደ ሥራ መመለስም ይቅር፤ በቁስሉ ላይ የሚደረግ እያንዳንዱ እርምጃ መድኃኒቱ የሠራውን ያፈርሳል። ሐኪሞች እግሩን በጄሶ ወይም በልዩ ቦት የሚያስሩት ክብደቱን ከቁስሉ ላይ ለማንሣት ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር መታወቅ አለበት፤ ቁስል ሳይኖር እግር ወይም ቁርጭምጭሚት በድንገት ሊያብጥና ሊሞቅ ይችላል። ሕመሙ ቀላል ነው ወይም የለም። ይህ የሻርኮ እግር ሊሆን ይችላል፤ ስያሜው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከኖሩት ፈረንሳዊ ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ የመጣ ነው። አጥንቶቹና መጋጠሚያዎቹ እየተሰበሩና እየተንሸራተቱ ባለቤቱ በላያቸው ይራመዳል። ብዙ ጊዜ ወለምታ ወይም ሪህ ነው ተብሎ ይታለፋል። ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማሳሸትም ያባብሰዋል። መጀመሪያ መራመድ ማቆም፣ ከዚያ ሐኪሙን «የሻርኮ እግር ይሆን?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ነው።

የጠየቀ የሚያገኘው

በብሪታንያ ዕድሜው ከ12 ዓመት ጀምሮ የሆነ የስኳር ሕመምተኛ ሁሉ በየዓመቱ የእግር ምርመራ ሊደረግለት ይገባል። በአሜሪካ ሜዲኬር፣ በሐኪም የተረጋገጠ የእግር ችግር ላለባቸው የስኳር ሕመምተኞች በዓመት አንድ ጥንድ ልዩ ጫማና የውስጥ ንጣፎችን ይሸፍናል። ልጆቻቸው ዘንድ የሚኖሩ ብዙ አረጋውያን ይህን ሳያውቁ በጠባብ ጫማ ይኖራሉ። ምርመራ በሌለበት ወይም በማይጠየቅበት አገር የሚኖር ሰው ደግሞ በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ክፍል እንደገባ ጫማውንና ካልሲውን ራሱ ቢያወልቅ መልካም ነው። የወለቀ ጫማ ያየ ሐኪም እግሩን ሳያይ አይሸኝም።

ለወላጆች ከውጭ አገር ጫማ መላክ ለለመድን ሰዎች ደግሞ የሚከተለው ይጠቅማል። በስልክ «ስንት ቁጥር ታደርጋለህ?» ብሎ መጠየቅ አያስተማምንም፤ የሚነገረው ብዙ ጊዜ ከሃያ ዓመት በፊት የነበረው ቁጥር ነው። እግር ቀን ሲቆም ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ አባት ወይም እናት በወረቀት ላይ ቆመው ሁለቱም እግሮች ዙሪያቸውን በእርሳስ ይሳሉ፤ የአንዱ ቁጥር ከሌላው ሊለይ ይችላል። ርዝመቱና ሰፊው ቦታ በሴንቲ ሜትር ተለክቶ ይላክ። ጫማው የሚገዛው ለትልቁ እግር ሲሆን፣ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይኑረው፤ አፍንጫው ሰፊ፣ ውስጡ ስፌት የማይጎረብጥ፣ በክር ወይም በቬልክሮ የሚታሰር ይሁን። ሲደርስም በመጀመሪያው ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ አይደረግ፤ ከወለቀ በኋላ እግሩ ይታይ፣ ምንም ምልክት ከሌለ በማግሥቱ ሰዓቱ ይጨመር።